ከማጣሪያ ጣቢያው የሚወጣው ጥርት ያለ ውኃ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፤

የከተማ ፍሳሽ የውኃ አካላትን በከለ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ሽታውና ቀለሙ ነው፤ እኔ ግን ለዓይን በማይታየው ጉዳት ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ።

20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለው 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ባክቴሪያዎች በ1 ሊትር ያልታከመ የከተማ ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ሲያብላሉ ግን በተለምዶ 200 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ ይህም ከ20 ሊትር በላይ የወንዝ ውኃ የያዘውን ኦክስጅን አሟጦ ለመጨረስ በቂ ነው። ባክቴሪያዎቹ ከውኃው ጋር እየተጓዙ ስለሚሠሩ፣ የኦክስጅን እጥረቱ የሚበረታው ፍሳሹ ከሚገባበት ሥፍራ ወረድ ብሎ ነው። ናሙና የምንቀዳው ከቱቦው አፍ ብቻ ከሆነ እንግዲህ ዓሣው የሚታፈንበትን ቦታ ጨርሶ አልለካነውም።

የተለመደው የማጣሪያ ሂደት ብስባሹን በአመርቂ ሁኔታ ያስወግዳል፤ አልጌ የሚባሉትን ዕፅዋት መሰል የውኃ ውስጥ ሕያዋን የሚመግቡትን ፎስፈረስንና ናይትሮጅንን ግን ለዚሁ ታስቦ የተሠራ ክፍል ከሌለው አብዛኛውን ያሳልፋቸዋል። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ የጠራ ውኃ እያየን ሐይቁን እናጣለን። እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ ኦንታሪዮ ተመራማሪዎች አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ወደ ሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ሲጨምሩ፣ ፎስፈረስ የታከለበት ወገን ብቻ በአልጌ አረንጓዴ ለበሰ። አልጌው ሲሞት ወደ ታች ሰጥሞ ይበሰብሳል፣ የወለሉን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ኦክስጅን ያጣው ደለልም ቀድሞ ያከማቸውን ፎስፈረስ መልሶ ይለቃል። በባሕር ዳርቻዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልጌውን የሚያፋፋው ናይትሮጅን ነው።

ጉዳቱ ግን ሊቀለበስ ይችላል። በአሜሪካ ሲያትል አጠገብ የሚገኘው የዋሽንግተን ሐይቅ፣ የታከመ ፍሳሽ ለዓመታት ሲገባበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ1 ሜትር በታች እንኳ አጥርቶ የማያሳይ ሆኖ ነበር። ፍሳሹን ከሐይቁ የማራቁ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ተከናወነ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሐይቁ ጠራ። ፍሳሹ የሄደው ወደ ባሕር ወሽመጥ መሆኑን ግን ልንዘነጋ አይገባም፤ ተቀባይ ውኃ መቀየር ለሁሉም ቦታ የሚሆን መፍትሔ አይደለም።

ስለዚህ በማጣሪያ ጣቢያዎች ዲዛይን ላይ የምትወስኑ ሁሉ፣ ፎስፈረስንና ናይትሮጅንን የሚያስወግደው ክፍል ለኋላ ምዕራፍ ሳይተላለፍ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ እንዲገባ፣ የኦክስጅን ልኬትም ከቱቦው በታች ባሉ ተከታታይ ነጥቦች፣ በተለይ ወንዙ በሚጎድልበት ወቅት፣ እንዲወሰድ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።