አንበሴ የታመመባት ሌሊት

ዮናስ፦ እንኳን ደህና ቆያችሁ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር ያዘጋጀነው። ግን ሰላም ስትደውልልኝ ድምጿን ሰምቼ "እሱ ይቆየን፣ ይሄን እናውራ" አልኳት። ውሻሽ አንበሴ እንዴት ሆነ?

ሰላም፦ ተመስገን፣ ተርፎልኛል። ይኸው እግሬ ሥር ተኝቷል። ሆዱ ላይ ረጅም ስፌት አለው። ቁስሉን እንዳይልስም ሰፊ የፕላስቲክ አንገትጌ አጥልቀውለታል።

ዮናስ፦ ለማያውቁት፣ አንበሴ ጀርመን ሼፐርድ ነው። 9 ዓመቱ ነው አይደል?

ሰላም፦ አዎ፣ ገና መሙላቱ ነው።

ዮናስ፦ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን።

ሰላም፦ ማታ እራቱን እንደ ልማዱ በአንድ ትንፋሽ ሙልጭ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ መቁነጥነጥ ጀመረ። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ዞሮ ሆዱን ያያል። ከዚያ ሊያስመልስ ጎንበስ አለ። ሆዱን እያጨማደደ ይታገላል፣ የሚወጣው ግን አረፋ የመሰለ ለሃጭ ብቻ ነው። ደጋግሞ ሞከረ፤ ምንም የለም።

ዮናስ፦ ወዲያው ወሰድሽው?

ሰላም፦ አልወሰድኩትም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሳር በልቶ ይሆናል፣ ይተወዋል ብዬ 40 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ሆዱን ስዳብሰው ነው የደነገጥኩት። ከጎድኑ ኋላ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ሳየው ነጥቷል።

ዮናስ፦ የድዱን ነገር እዚህ ላይ እንያዘው፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊያየው የሚችል ነው። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው። በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ይነጣል፣ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ከዘገየ፣ ወይም ድዱ ራሱ ከነጣ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ደሙ እንደሚገባ እየተዘዋወረ አይደለም።

ሰላም፦ ድዳቸው በተፈጥሮ ጥቁር የሆኑም አሉ። ለእነሱ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ውስጡን ማየት ነው።

ዮናስ፦ ከዚያስ?

ሰላም፦ ደወልኩ። ሐኪሟ "ሊያስመልስ ይሞክራል፣ አይወጣለትም" የሚለውን ስትሰማ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። "ውሃም መድኃኒትም እንዳትሰጪው፣ አሁኑኑ አምጪው" አለችኝ። ከወንድሜ ጋር በብርድ ልብስ ተሸክመን መኪና ውስጥ አስገባነው። መንገዱን ሙሉ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን ስቆጥር ነበር።

ዮናስ፦ ምን ሆኖ ተገኘ?

ሰላም፦ በቀኝ ጎኑ አስተኝተው ራጅ አነሱት። ጨጓራው በአየር ተነፍቶ፣ እዚያው በራሱ ላይ ተጠምዝዟል። መግቢያውም መውጫውም ይቆለፋል። ምንም ያልወጣለት ለዚህ ነው።

ዮናስ፦ አደጋው ደግሞ ሆድ ላይ ብቻ አይቆምም።

ሰላም፦ አይቆምም። የተነፋው ጨጓራ ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ትልልቅ የደም ሥሮች ይጫናል። ልብ የምትረጨው ደም ያጥራታል። የጨጓራው ግድግዳም ደም ሲያጣ መሞት ይጀምራል። ጣፊያ አብሮ የሚጠመዘዝበት ጊዜም አለ። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ዮናስ፦ ቀዶ ጥገናውን ለመወሰን ከበደሽ?

ሰላም፦ በጣም። "ዕድሜው ሄዷል፣ ማደንዘዣውን ይችለዋል?" ብዬ ጠየቅኳት። "ማደንዘዣው ያሰጋል፤ ካልተከፈተ ግን አይነጋለትም" አለችኝ። ፈረምኩ። መጀመሪያ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጡት፣ አየሩንም አስተነፈሱለት። ከዚያ ከፍተው ጨጓራውን ወደ ቦታው መለሱት። ሁለተኛ እንዳይዞርም ከሆዱ ግድግዳ ጋር ሰፉት።

ዮናስ፦ ይሄ ስፌት ትልቅ ነገር ነው። ያለሱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሰላም፦ ስፌቱም አልቆ ገና አልዳነም ነበር። የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል ብለው ከማሽን ጋር አያይዘው ሲከታተሉት አደሩ። እኔም ወንበር ላይ አደርኩ።

ዮናስ፦ ይበልጥ የሚያሰጋቸው ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ናቸው፤ እንደ ግሬት ዴን፣ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ። ዕድሜ የገፋ፣ ተስገብግቦ የሚበላ፣ የቀን ምግቡን በአንዴ የሚሰጠው፣ ከወላጆቹ ወይም ከወንድሞቹ ይሄ የደረሰበት ውሻ ደግሞ የበለጠ ያሰጋዋል።

ሰላም፦ ከእነዚህ ውስጥ ትልቅነቱን፣ ዕድሜውንና አበላሉን አውቅ ነበር። በሽታውን ግን ስሙንም ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ትልቅ ውሻ ያላችሁ፣ እባካችሁ እኔ የጠበቅኩትን 40 ደቂቃ እናንተ አትጠብቁ። ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣለት፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ።

ዮናስ፦ አሁን እንዴት ነው የምታበዪው?

ሰላም፦ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ፣ በቀን 3 ጊዜ። ሳህኑንም ቀይሬዋለሁ፤ መሃሉ ጉብ ጉብ ያለ ነው፣ ቀስ ብሎ እንዲበላ ያስገድደዋል። ከበላ በኋላም ሩጫ የለም... ቆይ፣ ሰማኸው?

ዮናስ፦ ምኑን?

ሰላም፦ በጅራቱ ወለሉን እየመታ ነው። ስሙን ስንጠራ ሰምቶ ነቅቷል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጅራቱን ሲያወዛውዝ የመጀመሪያው ነው፣ ዮኒ።