ፍጥነት ብቻውን ፒቸርን ላይ አያደርስም

የተከበራችሁ ወላጆችና አሰልጣኞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ልጁ ቤዝቦል የሚጫወት ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ ክንዱ ፈጣን ነው፤ ትልቁ ሊግ ይገባል?» ለመልሱ ስቲቭ ዳልኮውስኪ በማይነር ሊግ፣ ማለትም ከትልቁ ሊግ በታች ባሉት ሊጎች፣ ያሳለፈውን እንይ።

ዳልኮውስኪ በፈረንጆቹ 1957 ለትልቁ ሊግ ቡድን ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ፈረመ። ያዩት ብዙዎች ከሱ የፈጠነ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) አላየንም ይላሉ። በ1960 በማይነር ሊጉ ስቶክተን ቡድን በ170 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) 262 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ (መቺው የሳተው ወይም ሳይመታ ያሳለፈው ጥሩ ውርወራ) አሰናበተ። በአራት ቦል (ከመምቻው ክልል የወጣ ውርወራ) በነፃ ያሳለፋቸውም ልክ 262 ነበሩ! በ1962 በኤልማይራ ቡድን አሰልጣኙ ኧርል ዊቨር ነገሩን አቀለለለት፤ ፋስትቦል (ፈጣን ውርወራ) እና ስላይደር (ወደ ጎን የሚታጠፍ ውርወራ) ብቻ፣ እሱንም ወደ መሃል። በ160 ኢኒንግ በነፃ ያለፉት ወደ 114 ወረዱ። በ1963 ዋናው ቡድን ሊይዘው ሲቃረብ ግን ክርኑ ተጎዳ። ትልቁ ሊግ ላይ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፤ ያሳዝናል።

ያኔ የክርን ጅማት ሲበጠስ የሚጠግን አልነበረም። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከፒቸሩ ቶሚ ጆን ጤነኛ ክንድ ጅማት ወስደው የተበጠሰውን ተኩለት፤ እስከ 1989 ተጫወተ። ዛሬም ቢሆን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለመመለስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ማይነር ሊግ ላይ ላለ ወጣት ይህ ከባድ ነው። ከሲንግል ኤ ተነስቶ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ በታች እስካለው ትሪፕል ኤ አራት እርከን አለበት፣ እሱ ሲያገግም ሌሎች ያልፉታል። ደመወዙም በ2023ቱ ስምምነት ሲንግል ኤ ላይ በዓመት 26,200 ዶላር ነበር።

እንግዲህ ለልጁ ከፍጥነት በፊት ቼንጅአፕ (ፋስትቦል መስሎ የሚዘገይ ውርወራ) አስተምሩት። ኳሷን እንደ ፋስትቦል በጣቶቹ ጫፍ ሳይሆን ወደ መዳፉ አስጠግቶ ይያዛት፤ የሚያዘገያት አያያዙ ነው። ክንዱ ግን በፋስትቦሉ ፍጥነት ይሂድ። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ኳሷን ለማዘግየት ክንዳቸውን ያዘገያሉ። መቺው ይህን ካየ ጠብቆ ይመታታል።

ደግሞም ውርወራውን ቁጠሩ። የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 በላይ አይወርውር፤ 66 ከደረሰ አራት ቀን ይረፍ። በሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ አንደኛው አሰልጣኝ የሌላውን ቁጥር አያውቅምና፣ ደብተሩ በናንተ እጅ ይሁን። ወርውሮ የወጣ ልጅም በዚያው ቀን ካቸር (የፒቸሩን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ሆኖ አይግባ፤ ኳስ መመለሱም ለክንዱ ውርወራ ነው።

አመሰግናለሁ።