ሁለት ጀበና ይዘን ቢስቢ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከአሪዞና የተመለስነው ትናንት ማታ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ላውራላችሁ።

እኔና ባለቤቴ አርቪ የሚሉትን ቤት የሆነ መኪና ተከራይተን ነው የሄድነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም ከኋላ አለ። በየመታጠፊያው ድስቱ ይንኳኳል። አንዴማ የበርበሬው ዕቃ ተከፍቶ፣ እያስነጠስኩ ነው የነዳሁት።

ቢስቢ ከሜክሲኮ ድንበር 15 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። በ1880 የተቆረቆረ የመዳብ ከተማ ነው። ሸለቆ ውስጥ ተሸጉጦ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ በደረጃ የሚወጣ። አርቪ ይዞ አሮጌው ከተማ ውስጥ መግባት እብደት ነው። እኛ ከላቬንደር ጉድጓድ አፋፍ አቆምን። ስሙ ሽቶ ይመስላል አይደል? የማዕድን ኃላፊ የነበረ ሰው ስም ነው። በፊት ተራራ ነበር፤ አሁን ገደል ነው።

በማግስቱ ኮፐር ኩዊን ማዕድን ውስጥ በትንሽ ባቡር ገባን። ውጭው ያቃጥላል፣ ውስጡ 8 ዲግሪ። በ1975 ነው ሥራ ያቆመው። ደስ ይላል፣ ሂዱ።

ልቤ የቀረው ግን ዋረን ከሚባለው የቤዝቦል ሜዳ ነው። ከ1909 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም ይጫወቱበታል። ጁላይ 12 ቀን 1917 ንጋት ላይ፣ ሸሪፉ ያሰማራቸው የታጠቁ ሰዎች አድማ የመቱ ማዕድን ቆፋሪዎችንና ደጋፊዎቻቸውን ከየቤቱ እየለቀሙ እዚህ አጎሯቸው። ብዙዎቹ ሜክሲኳውያንና ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ናቸው። «ሥራ እገባለሁ» ያለ ተለቀቀ። እምቢ ያሉት 1,200 ያህል ሰዎች በከብት ባቡር ተጭነው ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ተጣሉ። ፉርጎው ፋንድያ ነበረበት።

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ «ምን ይዘው ሄዱ?» አለችኝ።

«የለበሱትን ነዋ።»

ዝም አለች። እኛ ለሦስት ቀን ሁለት ጀበና ጭነናል።

ስንመለስ ቱምስቶን ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ። አንዱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ ዜጋ ናችሁ ወይ አለን። አዎ ብለናል፤ ዜግነት ካገኘን ዓመታት አልፈዋል። እጄ ግን አላመነኝም፣ ፓስፖርት ፍለጋ ገባ። መሳቢያው በርበሬ በበርበሬ ነው። ገና ሳላገኘው «እለፉ» አለን።