ልዩነቱ 4 ሲደርስ

የተከበራችሁ የጎንደር ታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች፣ ወላጆችና የውድድር አዘጋጆች፤

የክረምቱ ውድድር ሊጀመር ነውና ስለ ሜዳ ድልድልና ስለ ዕድሜ ማጣራት እንድናገር ተጋብዣለሁ፤ እደርስበታለሁ። እኔን ያስነሳኝ ግን 8 ለ 0፣ 11 ለ 0 እያልን የምንፎክርበት ውጤት ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአን 31 ለ 0 አሸነፈች። አንድ አጥቂ ብቻውን 13 አገባ። የተሸናፊዎቹ ነባር ተጫዋቾች በፓስፖርት ጉዳይ ቀርተው፣ የ15 ዓመት ልጆች ጭምር ተሰልፈው ነበር። በረኛው ኒኪ ሳላፑ ያን ውጤት 10 ዓመት ተሸከመው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ቶንጋን 2 ለ 1 እስኪያሸንፉ ድረስ። እሱ ጸና። አፄዎቹ፣ ፋሲል ከነማ፣ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆኑ አይቶ ጓንት ያጠለቀው የ12 ዓመቱ የአዘዞ በረኛ ግን ቅዳሜ ልምምድ ላይ ላይመጣ ይችላል።

የግብ ልዩነቱ 4 ሲደርስ ኃላፊነቱ በውጤት የሚመራው ቡድን አሰልጣኝ ነው። ተቀያሪዎችን አስገቡ። አግቢውን ወደ ኋላ፣ ተከላካዩን ወደ ፊት አድርጉ። ከፊት መጫን ይቁም፤ ቡድኑ እስከ መሀል መስመር ይመለስ። ከዚያ ሥራ ስጧቸው፦ በሁለት ንክኪ መጫወት፣ ከ6 ቅብብል በፊት አለመምታት፣ በደካማው እግር መጨረስ። ይህን ከመስመር ዳር አትጩኹ። አምበሉን ጠርታችሁ በጆሮው ንገሩት፤ ተጋጣሚው ከሰማው ንቀት ይሆናል።

«ከእንግዲህ አታግቡ» ማለት ደግሞ ይብሳል። ልጆቹ በተረከዝ ማቀበል፣ መሳቅ ይጀምራሉ፤ ደጋፊው በየቅብብሉ ይጮኻል፤ የተናደደው ተከላካይ በሐምሌ ጭቃ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚት ይመታል። በረኛን አጥቂ ማድረግም ያው ማላገጥ ነው።

የምታሰለጥኑት ቡድን እየተሸነፈ ከሆነ፣ እረፍት ላይ አዲስ ዓላማ ስጡ፦ 3 ጊዜ ኳስ ይዞ መሀል ሜዳን መሻገር፣ አንድ የማዕዘን ምት ማግኘት። በረኛውንም ሳትጠይቁት አታስወጡት።

አዘጋጆች ሆይ! እኩል ነጥብ ያላቸውን በግብ ልዩነት እየለያችሁ፣ አሰልጣኙን «ለምን 11 አገባህ?» የምትሉት በምን አፋችሁ ነው? 12ኛውን እንዲያገባ የሚያዘው የእናንተው ደንብ ነው! ከ4 በላይ ያለው ልዩነት አይቆጠር። እኩል ነጥብ ሲመጣ መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት ይታይ። የኮከብ ግብ አግቢ ሽልማትንም ከ13 ዓመት በታች አንሱልን።

ዕድሜን በልደት ሰርተፍኬት አጣሩ። ለትንንሾቹ ሜዳው ይጥበብ፣ ኳሱም 4 ቁጥር ይሁን። የ4 ግቡ ደንብ ግን ዛሬ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እጅ ይውጣበት።