የአንቶኒዮ ፓኒዚ ወዳጆች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ የማወራው ስለ አንቶኒዮ ፓኒዚ ነው። አሁን ብሪቲሽ ላይብረሪ የምንለው ክምችት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብሪቲሽ ሙዚየም አካል ነበር፤ ያን ክምችት በዓለም ከታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት ተርታ ያሰለፈው ከማንም በላይ ይህ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ለረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ግን ወደዚያ የወጣበት መንገድ ነው፤ ፓኒዚ ያለ ትልልቅ ሰዎች ድጋፍ የወጣው ደረጃ የለም ለማለት ይቻላል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1797 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሞዴና መስፍን ግዛት፣ ብሬሼሎ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በፓርማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ከተማረ በኋላ ፍጹማዊውን አገዛዝ ለመጣል በምስጢር ከሚንቀሳቀሱት ካርቦናሪዎች ጋር በመሰለፉ በ1822 አገሩን ጥሎ ሸሸ። በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ የሞዴና ሹማምንት ፍርዱን በምስሉ ላይ ከፈጸሙ በኋላ የቅጣቱን ወጪ እንዲከፍል ሂሳብ እንደላኩበትም ይነገራል። በ1823 ለንደን ሲደርስ ገንዘብም ዘመድም አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ያለው የአማላጆች ሰንሰለት ነው። እንደ እርሱ ስደተኛ የነበረው ባለቅኔ ኡጎ ፎስኮሎ፣ ሊቨርፑል ለሚኖረው የባንክ ባለቤትና የታሪክ ጸሐፊ ለዊሊያም ሮስኮ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። ፓኒዚ በሊቨርፑል ኢጣሊያንኛ እያስተማረ ሲኖር በሮስኮ በኩል ከጠበቃውና ከፖለቲከኛው ከሄንሪ ብሩም ጋር ተዋወቀ። ብሩም የለንደን ዩኒቨርሲቲን ከመሠረቱት አንዱ ስለነበር በ1828 ፓኒዚ የዚያ ዩኒቨርሲቲ የኢጣሊያንኛ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1830 ደግሞ ብሩም ሎርድ ቻንስለር፣ ማለትም የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሕ ሹም፣ ሆኖ ተሾመ፤ ሎርድ ቻንስለሩ በሥልጣኑ ከሙዚየሙ ዋና ባለአደራዎች አንዱ ነውና፣ በሚቀጥለው ዓመት ፓኒዚ የቤተ መጻሕፍቱ ረዳት ሆኖ ገባ። በእኛ አነጋገር ሰው ያለው ሰው ነበር።

ይህን በጎ አድርጌ ብቻ ልነግራችሁ አልችልም። በ1837 የታተሙ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊነት ክፍት ሲሆን፣ በደረጃ የሚቀድመው ሄንሪ ፍራንሲስ ኬሪ ነበር፤ የኢጣሊያውን ባለቅኔ ዳንቴን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ የተከበረ፣ ነገር ግን ጤናው የታወከ አዛውንት። ቦታው ለፓኒዚ ተሰጠ፤ ኬሪም ቅሬታውን በዚያን ጊዜ ለነበረው ሎርድ ቻንስለር ጽፎ ሥራውን ለቀቀ። በ1856 ፓኒዚ የሙዚየሙ ሁሉ የበላይ ሲሆንም፣ የብራና ጽሑፎች ክፍል ኃላፊ የነበረው ሰር ፍሬደሪክ ማደን ያን ሹመት ለራሱ ይጠብቅ ነበር፤ በባዕዱ ላይ የነበረውን ምሬትም በዕለት ማስታወሻው ዘርግቶ ትቶልናል። ማደን በጥላቻው ሚዛኑን ስቷል ብዬ ብፈርድም፣ ትውውቅ ባይኖር ሹመቱ በዚያ መልክ ይሆን ነበር ብዬ አልከራከረውም።

እኔ የማየው ሌላ ነገር አለ፤ ያን ሁሉ ትውውቅ ለማን አዋለው? በ1836 በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲመሰክር፣ መጻሕፍትን በሚመለከት ድሃው ተማሪ በመንግሥቱ ካለው እጅግ ባለጸጋ ሰው እኩል የእውቀት ፍላጎቱን ማርካት፣ ያንኑ ምንጭ መመርመር፣ ያንኑ ጥልቅ ጥያቄ መከታተል እንዲችል እፈልጋለሁ አለ፤ መንግሥትም በዚህ ረገድ ወሰን የሌለው እርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት ብሎ ተከራከረ። ይህን የተናገረው ገና የበታች ሠራተኛ ሳለ ነው፤ እድገቱም በእነዚያው ባለጸጎች እጅ ነበር።

ቃሉን ወደ ሥራ የቀየረበት አንዱ መንገድ ብዙ ሰው የሚንቀው የካታሎግ፣ ማለትም የመጻሕፍት መዝገብ፣ ሥራ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጃቸው 91 ደንቦች በ1841 ታተሙ፤ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በአንድ ርእስ ሥር እንዲሰበሰቡና እትም ከእትም እንዲለይ የሚያስገድዱ ነበሩ። አንባቢ የሚፈልገውን ሥራ ቢያውቅም የእትሞቹን ልዩነት ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ያን የመንገር ዕዳ የካታሎጉ ነው የሚል እምነት ነበረው። ባለአደራዎቹ ካታሎጉ ፈጥኖ እንዲታተም ሲያስጨንቁት፣ እርሱ ሙሉው ሥራ ሳያልቅ ማተም ጥፋት ነው ብሎ ተሟገተ። ከ1847 እስከ 1850 ሙዚየሙን ለመመርመር የተቀመጠው ንጉሣዊ ኮሚሽን የብዙዎችን ክስ ሰማ፤ ታዋቂው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይልም ከከሳሾቹ አንዱ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ፍርዱ ለፓኒዚ ሆነ። ካርላይል የሚያነብበት ልዩ ክፍል ፈልጎ ተከልክሏል፤ ይህን ክልከላ እኔ ከ1836ቱ ምስክርነት ለይቼ አላየውም።

ወዳጅነቱም ለቤተ መጻሕፍቱ ፍሬ አፈራ። የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅና የጠቅላይ ሚኒስትር ወንድም የነበረው ቶማስ ግሬንቪል በ1846 ሲሞት ከ20,000 በላይ ጥራዞች ያሉትን ስብስቡን ለሙዚየሙ ተናዘዘ፤ ፓኒዚ ያን አረጋዊ ለዓመታት ሲጎበኘውና ስለ መጻሕፍት ሲጨዋወተው ኖሯል። አሳታሚዎች ከሚያትሙት ሁሉ አንድ ቅጂ እንዲያስገቡ የሚያዘውን ሕግ በተግባር ሲያስከብር ግን ለማንም ፊት አላሳየም፤ እምቢ ያሉትን ፍርድ ቤት አቆማቸው። በ1857 የተከፈተው ክብ የንባብ አዳራሽ፣ ከላዩ 42 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉልላት የተደፋበት፣ መነሻው በ1852 በእጁ የነደፈው ንድፍ ነው። በዚያ አዳራሽ ካነበቡት አንዱ ሌላው ስደተኛ ካርል ማርክስ ነበር።

ከእንግሊዝ ታላላቅ ፖለቲከኞች ከግላድስቶንና ከፓልመርስተን ጋር የነበረውን ቅርበት ደግሞ ለኢጣሊያ ነፃነት አውሎታል። በኔፕልስ ንጉሥ ታስረው የነበሩትን የፖለቲካ እስረኞች ከሳንቶ ስቴፋኖ ደሴት ለማስመለጥ ከወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስቦ በ1855 መርከብ አዘጋጅቶ ነበር፤ መርከቧ ግን ሰጠመች። ኢጣሊያ ከተዋሐደች በኋላ በ1868 ሴናተር አድርጋ ሾመችው።

ያ 1868 ለእኛ የመቅደላ ዓመት ነው። ፓኒዚ በ1866 ጡረታ ወጥቶ ስለነበር በዘመቻው እጁ የለበትም፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተጓዘው ሪቻርድ ሆምስ ግን የሙዚየሙ ሠራተኛ ነበር፤ ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍትም ወደዚያው ሙዚየም ገቡ። ሆምስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዊንድዘር የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። የ1836ቱ ምስክርነት መጻሕፍትን በሚመለከት ድሃው ከባለጸጋው እኩል ይሁን ይላል። ዛሬ የጎንደር ወይም የደብረ ታቦር የአብነት ተማሪ የመቅደላውን ብራና ገልጦ ለማንበብ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለብሪቲሽ ላይብረሪ የማቀርበው ጥያቄ የራሱ የፓኒዚ ጥያቄ ነው፤ ፎቶግራፉን በኢንተርኔት ማሳየት ጥሩ ነገር ነው፤ ብራናዎቹ ግን ይመለሱ።