ቀለሙ ያልደበዘዘ ቤተ መንግሥት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሴኡል ስላየሁት ነገር ላወራችሁ ነው። ሲኦል ብላችሁ እንዳትሰሙብኝ፤ ሴኡል፣ የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ።

ግዮንግቦክጉንግ የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። መጀመሪያ የሄድኩት ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። ሳልጠይቅ ሄጄ። በማግስቱ ተመለስኩ። በአንድ በኩል የመስታወት ፎቅና ቡናውን ይዞ የሚጣደፍ የቢሮ ሠራተኛ፣ በሌላው በኩል የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ተራራ። መግቢያው 3,000 ዎን ነው። ሃንቦክ፣ የአገር ልብሳቸውን ማለቴ ነው፣ የለበሰ በነጻ ይገባል። እኔ ከፍዬ ገባሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። እኔ ቤተ መንግሥት ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው ጎንደር ነው፤ ዕድሜው ከግድግዳው የሚነበብ። እዚህ አረንጓዴውና ቀዩ ቦግ ብሏል፣ አንዳንዱ እንጨት ትናንት የተጠረበ ይመስላል። "ይሄ አዲስ ነው እንዴ?" አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራ። የጆሰን ሥርወ መንግሥት በ1395 ሠራው። በ1592 ጃፓን ስትወር ተቃጠለ። ከዚያ ወደ 270 ዓመት ገደማ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ፤ እንደገና የቆመው በ1867 ነው። በ1910 ጃፓኖች አገሪቱን ጠቅልለው ያዙና አብዛኛውን ቤት አፈረሱት። በ1926 ደግሞ ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ለፊት ግዙፍ የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት ገትረው ቤተ መንግሥቱን ከከተማው ከለሉት። ኮሪያውያን ያንን ሕንፃ ማፍረስ የጀመሩት በ1995፣ ነጻ በወጡ በ50ኛው ዓመት ነው። እኔ ሕንፃ ሲፈርስ ደስ አይለኝም፣ ክፉም ቢሆን ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ይሄኛው ላይ ግን አፌን ሞልቼ መከራከር አልቻልኩም።

አዲስ የመሰለኝ ለካ ከፈረሰ በኋላ እንደገና የተሠራው ነው፤ የዙፋኑ አዳራሽ ግን የ1867ቱ ነው። ግቢው በሸካራ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ግራና ቀኝ ማዕረግ የተጻፈባቸው አጫጭር ድንጋዮች ተሰልፈዋል። ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው የሚቆሙበት ነው፤ ከፍተኛው ለንጉሡ ቅርብ፣ ሲቪሉ በምሥራቅ፣ ወታደሩ በምዕራብ። ሽቅብ ጣሪያውን እያየሁ ስሄድ እግሬን የሆነ ነገር ያዘኝ። ጎንበስ ብል ከድንጋዩ የተተከለ የብረት ቀለበት። ለካ የድንኳን ገመድ ማሰሪያ ነው! ይሄን ሁሉ ሰው ፀሐይ እንዳይመታው መሆኑ ነው። እኔን የዳስ ካስማ ትዝ አለኝ፤ ቅሬታዬም እዚያው ጠፋ።

ከሁሉም ኋላ አንድ ጸጥ ያለ ግቢ አለ። ኮሪያ ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የበራው እዚህ ነው፣ በ1887። ንግሥት ምዮንግሶንግን ጃፓኖች ገብተው የገደሏትም እዚሁ ነው፣ ጥቅምት 8 ቀን 1895። ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩት፤ በእኛ መስከረም 1888 ነው። የዓድዋው ዓመት! ከየካቲቱ ጦርነት አምስት ወር በፊት።

ገና እየቆጠርኩ ሃንቦክ የለበሱ ሁለት ልጆች ስልካቸውን ዘረጉልኝ፣ ፎቶ አንሣን ነው። አነሣኋቸው። አንዷ አየችውና አልወደደችውም፤ በጣቷ "አንድ ድገመን" አለችኝ፣ ቀሚሷን ዘርግታ እንደገና ቆመች።