የመጀመሪያው ዓመት ለቋንቋ ይሰጥ
ወደ ደቡብ ሱዳን ለሚሄዱ ወጣት ሚሲዮናውያን በተዘጋጀ የሽኝት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ የሚሲዮን ክፍል አገልጋዮች፣ ልጆቻችሁን ለዚህ አገልግሎት የሰጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የምንሸኛችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «የምክር ቃል» ተብሎ ተይዞልኛል። ምክሩን እሰጣለሁ። የሚበዛው ግን ለሚሄዱት ሳይሆን ለምንቀረው ለእኛ ነውና ታገሡኝ።

አንድ ወጣት ሚሲዮናዊ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ብዙዎቻችን አናውቅም። ሚሲዮናዊ ሲባል የሚታየን መድረክ፣ ማይክራፎንና የተሰበሰበ ሕዝብ ነው። የጁባ ቀን የሚጀምረው በውሃ ነው። ብዙ ሰፈር የቧንቧ መስመር ስለሌለው ከነጭ ዓባይ የተቀዳ ውሃ በቦቴ እየዞረ ይሸጣል፣ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ሌሊቱን ይዝቀጥ፣ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ ከዚያ ወይ ይፈላ፣ ወይ የክሎሪን እንክብል ይግባበት። የሚፈላው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ባለ 67 ሚሊግራም እንክብል ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ ነው፤ ከመጠጣቱ በፊት 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ነገር የሚበላሸው ድፍርሱ ሳይጠራ ክሎሪን ሲጨመር ነው። ቆሻሻው የክሎሪኑን ኃይል ስለሚጨርሰው ተዋሲያኑ ይተርፋሉ፤ ልጁም ውሃው ታክሟል ብሎ ጠጥቶ ይተኛል።

ወባን በሚመለከት ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ አያውቃትም። ጁባ ውስጥ የሚበዛው ከወባ ዓይነቶች ሁሉ ገዳዩ ፋልሲፓረም ነው። አጎበሩ ጠርዙ ፍራሽ ሥር ይጠቅጠቅ። ትኩሳት ከጀመረ 24 ሰዓት ሳይሞላ ምርመራ ይደረግ። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፣ በድምሩ 24 ፍሬ። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ፤ በባዶ ሆድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ ብላችሁ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አታስቀምጡ፤ ያልሞተው ጥገኛ ተመልሶ ይጥላችኋል። እናቶች፣ ስትደውሉ «በላህ ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «መድኃኒቱን ጨረስክ ወይ?» በሉ።

ስለ ገንዘብ፦ የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም አሮጌ እትም የሆነ የዶላር ኖት ይመለስባችኋል። የአገሩ ገንዘብ ፓውንድ በፍጥነት ዋጋ ስለሚያጣ የሳምንት ወጪ ብቻ ዘርዝሩ። መንገድ ላይ፣ በተለይ ድልድይና ወታደር ባለበት፣ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አታንሡ። ከመሸ በእግር አትሂዱ።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ለነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ቋንቋ መማር ነው። ለሥራው መዘጋጃ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ለሁለት ሰዓት ያህል ከቋንቋ ረዳት ጋር ይቀመጣሉ። ረዳቱ አማርኛ የማይሰማ፣ ጊዜ ያለው ሰው ይሁን፤ የቤት እመቤት ወይም ተማሪ ከፓስተር ይሻላል። ፓስተር ጊዜ የለውም፣ ደግሞም ስሕተትን በትሕትና ያልፋል። ክፍያው በየሳምንቱ ይሰጥ። በቀን ከ10 እስከ 15 ዓረፍተ ነገር በረዳቱ ድምፅ ስልክ ላይ ይቀዳል። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ይዞ መውጣት ነው፦ ዛፍ ሥር ሻይ ለምትሸጠው እናት፣ ለቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) ነጂው፣ ለጎረቤቱ፣ ለገበያተኛው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለስድስት ሰው የተናገረ ልጅ አይረሳውም። ማታ የታረመውን ጽፎ ይተኛል።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልበትም ይታወቃል። የእኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይይዛል፤ እበላለሁ፣ ትበላለህ፣ ይበላል እንላለን። የከተማው መግባቢያ የሆነው የጁባ ዓረብኛ ግስ ግን አይለወጥም፤ «አና ጊ አኩሉ» (እኔ እየበላሁ ነው)፣ «ኢታ ጊ አኩሉ» (አንተ እየበላህ ነው) ይባላል። «ጊ» አሁን የሚደረገውን ያሳያል፣ «ቢ» ገና የሚደረገውን። የእኛ ልጅ ግሱን ካላረባ የተሳሳተ ይመስለዋልና ከመጽሐፍ የተማረውን ዓረብኛ ይደባልቅበታል፤ ሰሚው ግራ ይጋባል። ይህን ለማስተካከል ወራት ይፈጃል። ከጁባ ከወጣ ደግሞ የባሪ፣ የዲንካ ወይም የኑዌር ቋንቋ ይጠብቀዋል። (ኑዌርና አኙዋክን እናቱ ጉያ ውስጥ የተማረ የጋምቤላ ወንድም እያለን መጀመሪያ እርሱን ለምን አልጠየቅነውም? ይህንንም አስቡበት።)

እኛስ ከዚህ ልጅ ምን እንጠብቃለን? ዛሬ በሰጠናቸው ፖስታ ውስጥ የወርሃዊ ሪፖርት ቅጽ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በወሩ ጌታን የተቀበሉ ሰዎች ብዛት» ይላል። ከደረሰ 30 ቀን ያልሞላው፣ ሰላምታ ገና የሚያደናቅፈው ልጅ ምን ይሙላበት? ዜሮ ብሎ ቢልክ እዚህ አዳራሽ ሲነበብ ሰው ይተያያል። ቀጥሎ «ድጋፉ ለምን ይቀጥላል?» የሚል ይነሣል። ልጁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሐበሻ ፍለጋ ይወጣል። ጁባ በሆቴሉ፣ በሱቁ፣ በውሃ ቦቴው የሚሠራ ሐበሻ ሞልቷል። በሦስተኛው ሳምንት በአማርኛ ይሰብካል፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ሻይ ከምትሸጥለት ሴት ጋር አንድ ቁም ነገር ማውራት አይችልም። ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። እንዲህ ያደረግነው እኛ ነን!

ጁባ ያለው ወገናችን ወንጌል አያስፈልገውም አላልኩም። ያስፈልገዋል፣ እረኛም ይገባዋል። እንግዲያው በስሙ እረኛ ላኩለት፤ ለሌላ ሕዝብ ብላችሁ በጸለያችሁበት ልጅ አትሸፍኑት።

ታሪካችንን አታውቁም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1928 ከውጭ አገር የመጡ ሚሲዮናውያን ወላይታ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1933 ነው፤ ዐሥር ሰዎች ነበሩ። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 48 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው። የላካቸው ቢሮ የእኛን ቅጽ ልኮላቸው ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመት ሙሉ ዜሮ ይጽፉ ነበር! በሁለተኛው ዓመት «ፍሬ የለም» ተብለው ቢጠሩ ኖሮ እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ዛሬ በዚህ ቤት እንገኝ ነበር? እኛ የትዕግሥት ፍሬ ነን፤ የታገሡንን ያህል እንኳ መታገሥ አቃተን? አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ጀድሰንም በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) የደረሰው በ1813 ነው፤ የመጀመሪያውን አማኝ ያጠመቀው በ1819።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ የሚጠይቀው ሌላ ይሁን። በሳምንት ስንት ሰዓት ከረዳቱ ጋር ተቀመጥክ? በማን ቤት በላህ? ያለ አስተርጓሚ ምን መናገር ቻልክ? ጤናህስ? የልጁ መኖሪያም ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ይሁን እንጂ ከሐበሻ ማረፊያ አይሁን። የረዳቱ ክፍያ በበጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ከልጁ የምግብ ገንዘብ አይነሣ።

ቃል የገባነው ድጋፍ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ይውጣ፣ የሦስት ወር መጠባበቂያም አስቀድሞ ይያዝ። ቢታመሙ ማን እንደሚያመጣቸው ከመሄዳቸው በፊት ይወሰን።

አሁን እጅ ልንጭንባቸው ነው። ከዚያ በፊት የሚሲዮን ክፍል ሰብሳቢያችን ፖስታዎቹን ሰብስበው ያንን ቅጽ ያውጡልን። አዲሱ ሲጸድቅ እንልክላቸዋለን።